የባለ ስድስት ዋቱ ፕሮሰሰር አመራረጥ

ድሬዳዋ ብዙ ያየች ከተማ ናት። ባቡር ሲመጣ አይታለች፤ ባቡር ሲቀርም አይታለች። ደረቁ ወንዟ አንድ ቀን ሞልቶ በማግስቱ ባጃጅ ሲነዳበት አይታለች። በከዚራ ሰፈር፣ በአቶ ሣህሉ ኪዳነ ምሕረት ሳሎን ስምንት ወር የተቀመጠውን ጉባኤ የሚያህል ነገር ግን አላየችም።

የጉባኤው ሥራ አንድ ፕሮሰሰር መምረጥ ነበር። ፕሮሰሰር የኮምፒውተር ጭንቅላት ነው። መጠኑ የክብሪት ቀፎ አያህልም። ለእርሱ ሠላሳ አንድ ስብሰባ ተደረገለት። ይህ ሳይጻፍ ቢቀር የኋላ ሰው ያለ ስብሰባ የተመረጠ ሊመስለው ይችላል።

አቶ ሣህሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ አሁንም ሰው ይሠራበታል። በእርሳቸው ዘመን በስህተት የተገዛ አንድም ዕቃ አልነበረም። የተገዛ ዕቃ ስላልነበረ። ወንበር ሲሰበር ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ሦስተኛው ሲገኝ የመጀመሪያው ቀኑ ያልፍበታል፤ እንደገና ይሰበሰባል። ሠራተኛው ቆሞ መሥራት ለመደ። ጡረታ ሲወጡ ጥንቃቄያቸውን የሚያመሰግን ወረቀት ተሰጣቸው። በመስታወት ሊደረግ ታስቦ ነበር፤ የመስታወቱ ፕሮፎርማ ግን አልደረሰም።

እኚህ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ የሚሳሱለት ነገር ነበራቸው። የአባታቸው ድምፅ። አባታቸው አቶ ኪዳነ ምሕረት የድሮው ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ፣ ከድሬ ደወሌ ሲመላለሱ የኖሩ ሼሚኖ፣ ማለት የምድር ባቡር ሰው፣ ነበሩ። ሊሞቱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው የልጅ ልጃቸው ሶፊ፣ ያን ጊዜ ተማሪ፣ ላፕቶፗን ፊታቸው አስቀምጣ ሁለት ሰዓት አስወራቻቸው። ማን ማንን እንደወለደ፣ ጣቢያዎቹን በየተራ፣ በየጣቢያውም ማን ያለ ትኬት እንደተሳፈረ ተናገሩ። ድምፃቸው የተቀረጸው በዚያች ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው።

አቶ ሣህሉ ከዚህ ውስጥ አሥር ደቂቃ ሰምተዋል። የቀረውን «ተገቢ ማስቀመጫ ሲዘጋጅለት በክብር እሰማዋለሁ» ብለው አቆዩት። ሽማግሌው ከሞቱ ሰባተኛው ዓመት ሊሞላ ሆነ፤ ክብሩ ገና አልደረሰም።

ለሰኔ የሰባት ዓመቱ ተዝካር ተቆረጠ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ድምፁን እንዲሰማ ተባለ። በጥቅምት መጨረሻ ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሻለች ላፕቶፑን ከፍተው ቢያዩት ከሆዱ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰሙ።

«ሣህሉ፣ ይሄ ነገር ጥርሱን እያፋጨ ነው። ሳይሞት አንድ ቦታ ገልብጠው።»

«የት?»

«የትም። ፍላሽ ላይ።»

«ፍላሽ!» አቶ ሣህሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «የአባቴን ድምፅ ከቤት ቁልፍ ጋር ልታንጠለጥዪው ነው?»

ጎረቤታቸው አቶ ሰይፈ ሚካኤል የመብራት ሠራተኛ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ዩቲዩብ ያያሉ። በውጭ አገር ሰው በቤቱ ሰርቨር የሚባል ማከማቻ ኮምፒውተር እንደሚያቆም፣ አራት ዲስክ እንደሚገጥምበት፣ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው እንደሚተካው የነገሯቸው እርሳቸው ናቸው።

«ሌት ተቀን የሚበራ ዕቃ ስለሆነ» አሉ አቶ ሰይፈ ሚካኤል፣ «ዋናው ነገር ፕሮሰሰሩ ብዙ መብራት የማይበላ መሆኑ ነው።»

ይህች ቃል አቶ ሣህሉን ገዛቻቸው። በሃያ ስምንት ዓመት ልምዳቸው ዋና ነገር የሚባል ነገር ካለ ኮሚቴ ያስፈልገዋል። በማግስቱ የቤተሰብ መረጃ ማከማቻ የዝቅተኛ ኃይል ፕሮሰሰር መራጭ ከፍተኛ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ፣ አቶ ሣህሉ። የቴክኒክ አባል፣ አቶ ሰይፈ ሚካኤል። ጸሐፊ፣ አሁን ፋርማሲ የምትሠራው ሶፊ። ወይዘሮ ተሻለች ታዛቢ ሆኑ፤ ውሃ ማቅረብ የታዛቢው ሥራ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

«ክቡራን የጉባኤው አባላት» ብለው አቶ ሣህሉ ተነሡ። ክቡራኑ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ልጃቸው ናት። «ዛሬ የምንወስነው ለሚመጣው ትውልድ ነው። ትውልዱ የማያባክን ፕሮሰሰር ይሻል።»

«አባዬ፣ ትውልዱ እኔ ነኝ» አለች ሶፊ። «ፍላሽ ይበቃኛል።»

«ጸሐፊ አስተያየት አይሰጥም።»

በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው ለገበያ ጥናት መጋላ ወረደ። ወይዘሮ ተሻለችም ሽንኩርት ሊገዙ አብረው ወረዱ። በመጋላ ጠባብ መንገድ ላይ ዒልሚ የሚባል ሱማሌ ሱቅ አለው። ከጅቡቲ በኩል የሚመጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይሸጣል። የድሬ ሰው በአንቱታ ብዙ አይጨነቅም፤ ዒልሚ ደግሞ ጭራሽ አይነካካውም። ትልቅ ሰውን በሱማሌኛ አዴር፣ አጎቴ፣ ይላል፤ ይበቃዋል።

«አዴር ሣህሉ፣ ግባ! ሻይ ይምጣ?»

«ለሥራ ነው የመጣነው። ዝቅተኛ ኃይል የሚወስድ ሦስት ዓይነት ፕሮሰሰር፣ ከነመግለጫው።»

ዒልሚ ሻዩንም ሦስቱንም አቀረበ። አንዱ ባለ ስድስት ዋት ነው፤ ከቦርዱ ጋር የተጣበቀ፣ ማራገቢያ የሌለው። ሁለተኛው ባለ አሥራ አምስት ዋት። ሦስተኛው ባለ ሠላሳ አምስት፣ ለሰርቨር ተብሎ የተሠራ፣ ስህተቱን ራሱ የሚያርም ሚሞሪ የሚቀበል።

«ስህተቱን ራሱ?» አሉ አቶ ሣህሉ። «ማን አዞት?»

«ማንም ሳያዘው፣ አዴር።»

አቶ ሣህሉ ደብተራቸው ላይ «አሠራሩ አጠራጣሪ» ብለው ጻፉ።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለ ዒልሚ። «እዚህ የተጻፈው ዋት ሥራ ሲበዛበት ነው። ሥራ ሲፈታ ሦስቱም ያው ናቸው። ያንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈት ነው። አራት ዲስክ ትገጥማለህ አይደል? ዲስኮቹ ብቻ ሃያ አምስት ዋት ይበላሉ። ግመሉን ትተህ ከመዥገሩ ትጣላለህ?»

«እኛ ስለ ግመል አልጠየቅንም።»

«እሺ። ምን ልታስቀምጥበት ነው?»

«የአባቴን ድምፅ። ሁለት ሰዓት።»

ዒልሚ ሦስቱንም ፕሮሰሰሮች አያቸው። ከዚያ አቶ ሣህሉን አያቸው።

«ሁለት ሰዓት ብቻ? አቦ፣ አዴር! ላፕቶፑን አምጣው። ይህን ሻይ ሳትጨርስ ገልብጬ እሰጥሃለሁ።»

አቶ ሣህሉ ሻዩን ሳይነኩት ተነሡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ።»

«የዘገየችስ? የምታፈሰውም አላገኘች።»

ወይዘሮ ተሻለች በሩ ላይ ሽንኩርታቸውን ይዘው ሰሙ።

በአራተኛው ስብሰባ አቶ ሰይፈ ሚካኤል ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ዲስኩ እንደሚጎዳ አስረዱ። ስለዚህ ሰርቨሩ እስኪቆም እንዳይከፈት ተወሰነ። ላፕቶፑ በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ተቆለፈ። ቁልፉ በአቶ ሣህሉ ኮት ኪስ ከመነጽራቸው ጋር ተቀመጠ።

«እንግዲህ አባባ ታሰሩ» አለች ሶፊ። ይህ በቃለ ጉባኤ አልሰፈረም።

ከሳምንት በኋላ ወይዘሮ ተሻለች ስለ ላፕቶፑ መጨቅጨቅ ተዉ። አቶ ሣህሉ ይህን አስተዋሉ። «ከታዛቢው ወገን የነበረው ተቃውሞ በማስረዳት ተፈትቷል» ብለው አስጻፉ። ቆይተው ዕቃ ሊያዩ መጋላ ሲወርዱ ዒልሚም ስለ መገልበጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሻይ ብቻ አቀረበ። አቶ ሣህሉ ሁለተኛ ድል ቆጠሩ።

ከዚያ ምርጫው ቀጠለ። ጉባኤው የሚቀመጠው ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ነው። ይህ ሰዓት በድሬ የታወቀ ሰዓት ነው፤ ከተማው ምሳ በልቶ፣ ጫቱን ይዞ፣ ትራስ ላይ ጋደም ይላል። አቶ ሣህሉ አይቅሙም። አቶ ሰይፈ ሚካኤል ግን ይቅማሉ፤ የቴክኒክ አስተያየታቸውም በሰዓቱ ልክ ይለዋወጣል። ስምንት ሰዓት ላይ ባለ ስድስት ዋቱን ይደግፋሉ። አሥር ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲመጣ ወደ ባለ ሠላሳ አምስቱ ያልፋሉ።

«ለምን ለአንድ ቤት ብቻ እናስባለን?» ይላሉ ዓይናቸው በርቶ። «የባቡሩን መዝገብ ሁሉ እናስገባ። የከዚራን። የገንደ ቆሬን። ጅቡቲ ራሷ መረጃዋን እኛ ጋ ታስቀምጣለች!»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምርቃናው ይወርዳል።

«ኧረ ምን ያደርጋል» ይላሉ። «ሁሉም ጠፊ ነው።»

ስለዚህ እያንዳንዱ ቃለ ጉባኤ ሦስት ውሳኔ ይዟል። ሶፊ የመጨረሻው ይጸናል ወይ ብላ ጠየቀች።

«ሁሉም ይጸናል» አሉ አቶ ሣህሉ። «ይህ የሐሳብ ብዝኃነት ይባላል።»

በጥር ባለ ሠላሳ አምስቱ ወደቀ። ምክንያቱ ዋቱ አልነበረም። አቶ ሣህሉ ስህተቱን ራሱ የሚያርም ነገር ለመቆጣጠር አይመችም አሉ።

«በመሥሪያ ቤታችን ስህተት ከተገኘ መጀመሪያ ይመዘገባል፣ ቀጥሎ ይጣራል፣ ከዚያ ወደሚመለከተው ይመራል። ዝም ብሎ አይታረምም።»

«ታዲያ ታርሞ ያውቃል?» አለች ሶፊ።

«ተመርቶ ያውቃል።»

ሁለቱ ቀሩ። ባለ አሥራ አምስቱ ስድስት የዲስክ መሰኪያ ነበረው፤ ባለ ስድስቱ ሁለት ብቻ። ዲስኩ አራት ነው። አቶ ሰይፈ ሚካኤል በባለ ስድስቱ ላይ ተጨማሪ ካርድ ቢገባ አራቱም እንደሚሰኩ አረጋገጡ። ካርዱ ስንት ይበላል ተብለው ተጠየቁ። ስምንት ዋት አሉ። አቶ ሣህሉ በወረቀት ደመሩት። ስድስትና ስምንት፣ አሥራ አራት።

«ከአሥራ አምስቱ በአንድ ዋት አሸነፈ!» አሉ። ተጨበጨበ። ያጨበጨቡት አቶ ሰይፈ ሚካኤል ናቸው፤ አሥር ሰዓት ነበር።

ያች አንድ ዋት የአራት ወር ፍሬ ናት። ሌላ ሰው በአራት ወር ማሽላ ያበቅላል።

ዕቃው በግንቦት መጀመሪያ ተገዝቶ ገባ። ዒልሚ ራሱ መጥቶ ገጠመው። ሲያበራው ድምፅ አልነበረውም። አቶ ሣህሉ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙት፤ ምንም። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ታየ። ሃያ ስምንት ዓመት ሲፈልጉት የነበረ ሠራተኛ ይህ ነበር።

«አዴር፣ ላፕቶፑን አምጣና አሁኑኑ እንገልብጥ» አለ ዒልሚ፤ ሲናገር ግን ወደ ወይዘሮ ተሻለች እያየ ፈገግ ይላል።

«ያለ ምረቃ? በተዝካሩ ቀን፣ ዘመድ ባለበት፣ ሪባን ተቆርጦ ነው።»

«ተዝካሩ እኮ ወር ይቀረዋል፣ አባዬ» አለች ሶፊ። «ብንፈጥን ምን አለ?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«በድሬ ሙቀት?» አሉ ወይዘሮ ተሻለች ከማድ ቤት። «ሳይሄድ ይገማል።»

የሙቀት ነገር መነሣቱ ጥሩ ሆነ። አቶ ሣህሉ የመሣሪያውን መግለጫ ገና ከገጽ አንድ እያነበቡ ነበርና ሙቀት የሚለው ገጽ ላይ ደረሱ። ማራገቢያ የሌለው ፕሮሰሰር ከሠላሳ ዲግሪ በላይ በሆነ ክፍል እንዳይቀመጥ ይላል። በግንቦት ድሬ ውስጥ ሠላሳ ዲግሪ የሚገኘው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። በቤቱ ያለው አንድ ኤሲ ብቻ ነው፤ ሶፊ ለእናቷ የደም ግፊት ብላ ያስገባችው፣ መኝታ ቤት ያለ። ተነቅሎ ሰርቨሩ ወዳለበት ትንሿ ክፍል እንዲዛወር ተወሰነ።

«አባዬ፣ ኤሲው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዋት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ስድስቱን ዋት ለማቀዝቀዝ?»

«አትቀላቅዪ። የኤሲው ጉዳይ በሌላ አጀንዳ የታየ ነው። ሶኬቱም ሌላ ነው።»

ቤተሰቡ አልጋውን በረንዳ ላይ አወጣ። ሰርቨሩ በሃያ ሁለት ዲግሪ ተቀመጠ። ባዶውን። አንድ ቀን ቀትር ላይ ወይዘሮ ተሻለች ሙቀቱ ሲያንገላታቸው በርጩማ ይዘው ትንሿ ክፍል ገቡና ተቀመጡ። አቶ ሣህሉ አገኟቸው። አቶ ሰይፈ ሚካኤል ተጠሩ።

«ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ መቶ ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል» አሉ አቶ ሰይፈ ሚካኤል። «ይህ በሳይንስ የታወቀ ነው።»

«ይኸው ነው!» አሉ አቶ ሣህሉ። «ለአንድ ዋት አራት ወር ስንታገል አንቺ መቶውን ይዘሽ ገብተሽ ትቀመጫለሽ!»

ወይዘሮ ተሻለች በርጩማቸውን አነሡ። «እንዲህ ያለ ኃይል እንዳለኝ ሠላሳ አራት ዓመት ሳትነግረኝ!» አሉ። ወጡ። በሩ ላይ «ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። በውስጥ ያለውም ሥራ አልነበረውም፤ ግን ቀድሞ ገብቷል።

ሰኔ ደረሰ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ በልተው፣ መርቀው ሄዱ። ከሐረርም፣ ከአዋሽም የመጣ ዘመድ ሳሎኑን ሞላው። ዒልሚም ተጠርቶ ነበር፤ በር አጠገብ ተቀመጠ። ሰርቨሩ ለዕለቱ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ቀይ ሪባን ታሰረለት። አጠገቡ አቶ ሰይፈ ሚካኤል የዋት መለኪያቸውን ሰኩ። ኤሲውም ለዕለቱ ከትንሿ ክፍል ተነቅሎ መጥቶ ከበስተጀርባ በእርሱ ላይ ብቻ ይነፋል። ዘመዱ በባርኔጣና በመሐረብ ያራግባል።

አቶ ሣህሉ አሥራ አንድ ገጽ ሪፖርት አነበቡ። «በዕቅዳችን መሠረት» አሉ በመጨረሻ፣ «ፕሮሰሰሩ ስድስት፣ ካርዱ ስምንት፣ ዲስኮቹ ሃያ አምስት፣ በድምሩ ሠላሳ ዘጠኝ ዋት እንጠቀማለን። ከዚህ ፈቀቅ የለም። አሁን የአባቴ ድምፅ ወደ ክብር ቦታው ይገባል።»

ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። ላፕቶፑ በነጠላው እንደተጠቀለለ መጣ። አቶ ሣህሉ በእጃቸው ፈቱት። ተሰካ። በራ።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

ከዚያ ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣ። ስክሪኑ ጠቆረ። አቶ ሰይፈ ሚካኤል ደጋግመው ጫኑት፤ ገለበጡት፤ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«አረፈ» አሉ።

አንዲት የሐረር አክስት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ። አቶ ሣህሉ መዳፋቸውን ላፕቶፑ ላይ አኖሩ። ገና ይሞቃል። አሥር ደቂቃ ብቻ ሰምተዋል። የቀረው አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነው፤ ሂሳብ ይችላሉ። ወረቀታቸውን አዩ፣ ሰዉን አዩ።

በዚህ ጊዜ አቶ ሰይፈ ሚካኤል ወደ መለኪያቸው ጎንበስ አሉ።

«አቶ ሣህሉ» አሉ በቀስታ። «አሥራ አንድ።»

«ምን አሥራ አንድ?»

«ዋቱ። የሚጻፍባቸው ነገር ስለሌለ ዲስኮቹ ተኙ።»

አቶ ሣህሉ መነጽራቸውን አደረጉ። አዩት። እውነት ነው፤ አሥራ አንድ። ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ብዕር አወጡ።

«ከዕቅዱ በሃያ ስምንት ዋት ያነሰ» አሉ። «ይህ ይመዝገብ።»

«አባዬ!» አለች ሶፊ።

ወይዘሮ ተሻለች ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። ከመቀነታቸው ስልካቸውን ፈቱ፣ በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና ጠረጴዛው ላይ፣ ከሪባኑ አጠገብ አኖሩት። የሽማግሌ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ ድምፅ።

«ይሄ ነገር ይሰማል እንዴ፣ ሶፊ? እሺ። እኔ ኪዳነ ምሕረት ነኝ…»

ሳሎኑ ተንጫጫ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ተጠጋጋ። ሽማግሌው ትውልዱን ቆጠሩ። ጣቢያዎቹን ጠሩ። የሞቱት ሲጠሩ አለቀሱ፤ ያለ ትኬት የተሳፈሩት ሲጠሩ ግማሾቹ እዚያው ተቀምጠው ነበርና ሳቁ። ሁለቱ ሰዓት ወደ ማለቂያው ሲደርስ ድምፁ ቀዝቀዝ አለ።

«ስለ ሣህሉ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰባት ዓመቱ ነበር። አይሻ ጣቢያ፣ እህቴ ዘንድ ላደርሰው ከእናቱ ጋር ለገሃር ወሰድኩት። ትኬቱን በእጁ ሰጠሁት፤ ግባ አልኩት። አባባ፣ ፀሐዩ በየትኛው ወገን ነው? አለኝ። ጠዋት በቀኝ፣ ከሰዓት በግራ አልኩት። ታዲያ ስንት ሰዓት እንደርሳለን? ይላል። ሲጠማዘዝስ? ይላል። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ፊሽካዬን ነፋሁ፤ ባቡሩ ተነሣ። ከመጨረሻው ፉርጎ ሆኜ ባየው እዚያው መሬት ላይ ቆሞ፣ ትኬቱን ይዞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ፀሐዩን ያያል። እናቱ ጆሮውን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችው። እስከ ሽኒሌ ጣቢያ ሳቅሁ። ይሄ ልጅ ገነት ቢደርስ እንኳ ጥላው በየት በኩል ነው እያለ በር ላይ ይቀራል። እግዜር ይርዳው።»

ድምፁ አለቀ። ዘመዱ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። አቶ ሣህሉ ሪፖርታቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

«ማን ፈቅዶ ነው የተገለበጠው?» አሉ።

«ማንም» አሉ ወይዘሮ ተሻለች።

«ቁልፉ ኪሴ ነበር!»

«ኪስህን ሠላሳ አራት ዓመት የማጥበው እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኮሚቴ ታቋቁምበት ነበራ።»

ዒልሚ ከበሩ አጠገብ ጉሮሮውን ጠረገ። «አዴር፣ ወላሂ ሻይዋን እንኳ አልጨረሰችም።»

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም፤ ከባድ ጉዳይ ነው። ድምፁ ወደ ሰርቨሩ እንዲገባ ሶፊ ዕለቱን ጠየቀች። አቶ ሣህሉ ግን ያለ ኮሚቴ ፈቃድ የተገለበጠ ነገር እንደ ዋና ይቆጠር ወይስ እንደ ቅጂ፣ መጀመሪያ ይጣራ አሉ። አጣሪው እስካሁን አራት ጊዜ ተሰብስቧል። ሰርቨሩ በትንሿ ክፍል በሃያ ሁለት ዲግሪ ተቀምጧል፤ ቤተሰቡ በረንዳ ላይ ነው። ባዶ ነው የሚሉ አሉ፤ ሐሰት ነው። ሠላሳ አንዱ ቃለ ጉባኤ ገብቶበታል፤ አንዱ ዲስክ ቢሞት እንዳይጠፋ በአራቱም ላይ ተገልብጧል።

የአቶ ኪዳነ ምሕረትን ድምፅ መስማት የሚፈልግ ሰው ማድ ቤት ይሄዳል። ወይዘሮ ተሻለች ሽንኩርት ሲከትፉ ከፍተው ያሰሙታል።

ባለፈው ሳምንት አቶ ሣህሉም ብቻቸውን መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። ማንም እንዳላያቸው ዞር ብለው አረጋገጡ።

«እስቲ ክፈቺው» አሉ።

ወይዘሮ ተሻለች ከፈቱት። በእግራቸው በርጩማ ገፋ አደረጉላቸው።

አቶ ሣህሉ በርጩማውን ያዙ። በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ነበር። በምድጃው በኩል ሙቀት ነበር። ወደ ግድግዳው አስጠጉት፤ መለሱት።

«ወዲህ ይሻላል ወዲያ?» አሉ።

ወይዘሮ ተሻለች መክተፋቸውን ቀጠሉ። ስልኩ ያወራል። ባቡሩ ሽኒሌን አልፎ ነበር።